ለሱሉልታ ቤታችን የትኛው ማሞቂያ ይሻላል?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቤታችን ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ሲሆን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ እጅግ ስለሚበርድ ማለዳ የግቢው ሣር ውርጭ ለብሶ ይታያል። አብረውን የሚኖሩት እናቴ በዕድሜ የገፉና የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው በመሆናቸው፣ ቢያንስ መኝታ ቤታቸውን የሚያሞቅ አስተማማኝ ነገር መምረጥ ግድ ሆኖብናል።

እርሳቸው የከሰል ምድጃ ይበቃኛል ቢሉም፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳይነቃ የሚገድል ነውና ፈጽሞ አልፈቅድም። ባለ 2000 ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለ6 ሰዓት ቢበራ 12 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ከእንጀራ ምጣዱ ጋር አንድ ላይ ሲበራ ብሬከሩ ይወርዳል፤ መብራት በጠፋ ሌሊት ደግሞ ከነጭራሹ አይጠቅምም። ኢንቨርተር ኤሲ (ክፍልን ማቀዝቀዝም ማሞቅም የሚችል የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ለተመሳሳይ ሙቀት የሚወስደው ኃይል በጣም ያነሰ መሆኑን ባውቅም፣ መግዣው ከአቅማችን በላይ ሆኗል።

አሁን ያዘነበልኩት ጭስ ማውጫ ወዳለው፣ በእንጨት ወደሚሠራ የብረት ምድጃ ነው፤ የባሕር ዛፍ እንጨት በአካባቢያችን አይጠፋም። የሚያሳስበኝ ቧንቧው በቆርቆሮው ጣሪያ በኩል ሲወጣ የጣሪያውን እንጨት እንዳያቃጥል ነው። በሌላ በኩል፣ ኮርኒሱና ግድግዳው በሚገናኙበት ስንጥቅ ላይ እጅ ሲደረግ ቀዝቃዛው አየር በግልጽ ስለሚሰማ፣ ማንኛውም ማሞቂያ ቢገባ ሙቀቱ አምልጦ እንዳይቀር እሰጋለሁ።

ስለዚህ ባለን ውስን ገንዘብ ኮርኒሱን ማስደፈን ይቅደም ወይስ ምድጃውን ማሠራት? እንዲህ ያለ ምድጃ ያሠራችሁ ካላችሁ፣ ቧንቧውን ከእንጨቱ ምን ያህል እንዳራቃችሁትና በምን እንደሸፈናችሁት ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።