«ነፋስ ገባኝ» በአማርኛ ምን ይባላል?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ወገኖች። ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ አንዲት ኢንዶኔዥያዊት አብራኝ ነበረች። አንድ ጠዋት ልብስ ስትቀይር ጀርባዋን አየሁት። ከአንገቷ ጀምሮ ቀይ ሰንበር በሰንበር ሆኗል። ማን ገረፋት ብዬ ክው አልኩ። እሷ ሳቀችና «ማሱክ አንጊን» አለችኝ። ማሱክ መግባት፣ አንጊን ነፋስ ነው። ለካ ማታ ጓደኛዋ በሳንቲም ፍቃላት ነው። አሁን የዚያን ጊዜ ትዝታዬን እየጻፍኩ ነው። «ምች መታት» ልበል ወይስ «ብርድ መታት»?

መላሽ፦
እህቴ፣ ምችን ተዪው። ምች የራሳችን ነው፣ ፀሐይም ይፈልጋል። ምች መታው ስንል ራስ ምታቱ፣ ትኩሳቱ፣ ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል፣ ታሽቶ የሚሸተተው ዳማከሴ ሁሉ አብሮ ይመጣል። ማሱክ አንጊን ሌላ ነው። ዝናብ የመታው፣ ሌሊት በሞተር ሲሄድ ያመሸ ወይም ሳይበላ የዋለ ሰው ሆዱ ይነፋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ብርድ ብርድ ይለዋል። ያኔ ነፋስ ገባው ይባላል።

«ብርድ መታት» ይቀርባል፣ ግን ዋናውን ነገር ይጥላል። ነፋሱ ገብቷል፤ ስለዚህ መውጣት አለበት። ቆዳው ዘይት ይቀባና በሳንቲም ጠርዝ ይፋቃል። ይህን ክሮካን ይሉታል። ሰንበሩ በቀላ ቁጥር ብዙ ነፋስ ወጣ ማለት ነው። በፓኬት የሚሸጠው የዕፅዋት መድኃኒታቸው ስሙ ራሱ «ቶላክ አንጊን» ነው፤ ቶላክ መመለስ፣ አላስገባም ማለት ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ሕክምናውን የወለደው ግሱ ነው።

ሌላ አባል፦
ወንድሜ፣ ሐሳብህ ደስ ይላል፤ ቬትናም ላይ ግን ይሰናከላል። እዚያ ነፋስ አይገባም፣ ይመታል። «ትሩንግ ዞ» ይላሉ። ትሩንግ ዒላማን እንደ መምታት ነው፣ ዞ ነፋስ። ልክ እንደኛ ምች! መድኃኒቱ ግን ያው መፋቅ ነው። «ካዎ ዞ» ይሉታል፤ በቀጥታ ነፋስ መፋቅ። ቻይኖች ጉንፋን ሲይዛቸው «ሻንግ ፌንግ» ይላሉ፣ በነፋስ መጎዳት እንደ ማለት። ጃፓኖች ደግሞ ጉንፋንንም ነፋስንም ካዜ ነው የሚሉት፤ በጽሑፍ ግን ጉንፋኑ ላይ ክፉ የሚል ፊደል ይጨምሩበታል። ያውም አይመታቸውም፣ «ካዜ ኦ ሂኩ» ብለው ራሳቸው ይስቡታል። ታይላንድ «ፔን ሎም»፣ ነፋስ ሆነ ካሉህ ሰውዬው ራሱን ስቷል።

እኛ ጋ ጉንፋን ይይዛል፣ ምች ይመታል፣ ቡዳ ይበላል፤ ሁሌ በሽታው አድራጊ፣ ሰውዬው ተደራጊ። ነፋስን ግን ወጥተን እንቀበለዋለን! «ትንሽ ነፋስ ልቀበል» የሚል አበሻ ጃካርታ ላይ ምን እንደሚባል አላህ ይወቅ።

እህቴ፣ እንዳንቺ የደነገጠ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1975 በኋላ የቬትናም ስደተኞች አሜሪካ ሲገቡ፣ የልጆቹን ጀርባ ያዩ ሐኪሞች ወላጆቻቸው የደበደቧቸው መስሏቸው ነበር።

መላሽ፦
ቬትናምን ተቀብያለሁ፣ ስለ ግሱ ያልኩትን ትቻለሁ። ለጥያቄው ግን «ነፋስ ገባት» ብለሽ እንዳለ ተርጉሚው። እሷ ራሷ ስትናገር ብቻ ተጠንቀቂ። «ነፋስ ገባኝ» ካለች አንባቢው ነፋስን የተረዳች እንዳይመስለው። «ነፋስ ውስጤ ገባ» ብትል ይሻላል።

ጠያቂዋ፦
ኧረ ይሄን አላሰብኩትም! «ውስጤ ገባ» ይሁን። አንድ ጊዜ እኔንም ጉንፋን ሲይዘኝ 50 ሃላላ ሳንቲምና ዘይት ይዛ መጣች። የኛ ይይዛል እንጂ አይገባም ብዬ በተሰባበረ አረብኛ አስረዳኋት። ምንም አልገባትም። ጀርባዬን ሰጠኋት።