ተጠያቂው ዳሌር ነው ወይስ የላኩት?

ክርክሩን የከፈተው፦ የሩዋንዳውን ነገር በግልጽ እንነጋገርበት። ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው። ጥር 3 ቀን 1986 የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ፣ ካናዳዊው ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌር፣ ከኪጋሊ ወደ ኒውዮርክ መልእክት ላከ። ኢንተርሃምዌ የተባለው የአክራሪ ሁቱዎች ሚሊሺያ አንድ አሰልጣኝ መሣሪያ የተደበቀበትን ነግሮታል። ቱትሲዎች እየተመዘገቡ መሆኑንም ነግሮታል። ሄጄ ልያዘው አለ። አይሆንም ተባለ። እሺ ብሎ ተቀመጠ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ፍጅቱ ጀመረ፤ በመቶ ቀን ውስጥ 800 ሺህ ያህል ሰው አለቀ። ሰው ሊታረድ መሆኑን እያወቀ ፈቃድ የጠበቀ አዛዥ ይጠየቃል ባይ ነኝ።

የቀድሞ ወታደር፦ ልጄ፣ «እሺ ብሎ ተቀመጠ» ያልከውን አልቀበልም። ደጋግሞ ጠይቋል፣ ደጋግመው ከልክለውታል። በእጁ የነበረው 2,500 ያህል ሰው ነው፤ ያውም ከየአገሩ የተውጣጣ፣ ለውጊያ ያልታጠቀ። እኔ በረሃ ላይ ጥይት ቆጥሬ አውቃለሁ። ስንቅህ በሌላ ሰው እጅ ሲሆን «ግባና ያዝ» ማለት ቀላል አይደለም።

ሕግ ያጠናችው፦ ጋሼ፣ ይህን እቀበላለሁ። ግን ዳሌር ራሱ ያረቀቀው የተኩስ መመሪያ በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀልን በኃይል ማስቆም ይፈቅድ ነበር። ኒውዮርክ በይፋ አላጸደቀውም እንጂ ሐሳቡስ ነበረው። እኔን ሁሌም የሚያመኝ ኪጋሊ ውስጥ ኪቹኪሮ በተባለው ሰፈር ያለው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው የቤልጅግ ወታደሮችን ተማምኖ ግቢው ውስጥ ተጠልሏል። ገዳዮቹ አጥሩ ሥር ሆነው ይጠብቃሉ። ሚያዝያ 3 ቀን ወታደሮቹ ወጡ። ሰዎች መኪኖቹ ፊት መሬት ላይ ተኙ፤ አትተዉን አሉ። አላቆማቸውም። ከዚያ አብዛኞቹ ተገደሉ። ጦሩን ከሩዋንዳ የጠራው የቤልጅግ መንግሥት ነው። ይህን የወሰነው 10 ወታደሮቹ መጋቢት 29 ከተገደሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ትልቁ ድርሻ የብራስልስ ነው። ግን ያ ክፍል በማን እዝ ሥር ነበር?

የቀድሞ ወታደር፦ በዳሌር እዝ ሥር፣ በወረቀት! አገሩ ና ያለውን ወታደር የተመድ አዛዥ ሊያስቀረው አይችልም። ሚያዝያ 13 ደግሞ የጸጥታው ምክር ቤት ጦሩን ወደ 270 አወረደው። ያኔ ዳሌርና ጋናዊው ምክትሉ ጄኔራል አንዪዶሆ አንወጣም አሉ፤ ከታዘዘው በላይ ሰውም አስቀሩ። ኪጋሊ ባለው አማሆሮ ስታዲየም የተጠለለው በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በእነሱ ነው የተረፈው። ሴኔጋላዊው ካፒቴን ምባዬ ዲያኝ ሰዎችን በመኪናው በየኬላው እያሳለፈ ሲያድን ቆይቶ ግንቦት ላይ ሞተ። የእኛ የኢትዮጵያ ሻለቃ እኮ ደቡብ ምዕራብ ሩዋንዳ ቻንጉጉ የደረሰው ነሐሴ ላይ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ዓለም በሙሉ ሲዘገይ እዚያው የቀረውን ሰው ነው የምንከሰው?

ክርክሩን የከፈተው፦ ጋሼ፣ «ተቀመጠ» ያልኩትን አንስቻለሁ፤ ይቅርታ። የሚያዝያውን ጀግንነትም አልክድም። የጥር ወሩን ጉዳይ ግን አልለቅም። ያኔ 10 ቤልጅጎች አልሞቱም፣ ጦሩም አልተበተነም፣ መሣሪያውም ገና ከመጋዘን አልወጣም ነበር።