በደቡብ ሎምቦክ ገጠር የቪላ ድርሻ መግዛት፦ መሬቱ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ዳዊት ከሮተርዳም

ጤና ይስጥልኝ። ወላጆቹ ከኢንዶኔዥያ የመጡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ በሎምቦክ ደሴት ኩታ ከምትባለው የባሕር ዳርቻ ብዙም በማትርቅ የገጠር መንደር ውስጥ በሚሠሩ ቪላዎች ላይ በጋራ ድርሻ እንድንገባ ጠይቆኛል። ደላላው የላከልን ወረቀት የአውሮፕላን ማረፊያውንና የሞተር ብስክሌት መወዳደሪያውን ቅርበት፣ የመሬቱንም ዋጋ ዕድገት በሰፊው ይዘረዝራል። መሬቱ በአንድ ኢንዶኔዥያዊ ዜጋ ስም ተመዝግቦ፣ እኛ ውክልናና የብድር ውል እንደምንይዝ፣ ይህም የተለመደ አሠራር እንደሆነ ይናገራል።

ሁለት ነገር መጠየቅ እፈልጋለሁ። ይህን አሠራር የአገሩ ሕግ ያውቀዋል ወይ? ሁለተኛው፣ በላከልን ፎቶ ላይ ከቦታው ጀርባ ሩዝ የሚያጭዱ ሰዎችና ጥቂት ጎጆዎች ይታያሉ፤ እነዚህ ሰዎች ምን ይሆናሉ? የገበሬ ልጅ ስለሆንኩ ይህን ሳላውቅ ገንዘቤን ማውጣት አልፈልግም።

መልስ፦ ምሕረት

በመጀመሪያው ጥያቄዎ ላይ የሕጉ አቋም የሚያሻማ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የኢንዶኔዥያ መሠረታዊ የመሬት ሕግ፣ ‹‹ሃክ ሚሊክ›› የተባለውን ሙሉ ባለቤትነት በአንቀጽ 21 ለዜጎች ብቻ ይፈቅዳል። አንቀጽ 26 ደግሞ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ይህን መብት ለውጭ አገር ሰው ለማስተላለፍ የተደረገ ማንኛውም ውል ፈራሽ መሆኑን፣ መሬቱ ለመንግሥት እንደሚሆንና ገዢው የከፈለውን ማስመለስ እንደማይችል ይደነግጋል። በሰው ስም አስመዝግቦ ውክልናና የብድር ውል ደርቦ መያዝ ‹‹በተዘዋዋሪ›› የተባለው ራሱ ነው። ብዙ ሰው ያደርገዋል መባሉም ሕጋዊ አያደርገውም፤ ስሙን ያዋሰው ሰው ቢክድ ወይም ቢሞትና ወራሾቹ ቢመጡ፣ ፍርድ ቤት ሄደው የሚያሳዩት ውል እርስዎኑ የሚከስስ ይሆናል።

ሕጋዊ መንገዶች አሉ፤ ለእርስዎ ግን ጠባብ ናቸው። ‹‹ሃክ ፓካይ›› የሚባለው የመጠቀም መብትም ሆነ ለሕንፃ የሚደረግ የመሬት ኪራይ ለውጭ አገር ግለሰብ የሚፈቀደው ነዋሪነቱ በኢንዶኔዥያ ከሆነ ነው፤ ሮተርዳም ተቀምጦ አይሆንም። የሚቀረው በውጭ ኢንቨስትመንት ሕግ ኩባንያ አቋቁሞ የግንባታ መብት መያዝ ነው። ይህ መብት እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ደንብ መሠረት ለ30 ዓመት ይሰጣል፣ ለ20 ይራዘማል፣ ለ30 ይታደሳል። ኩባንያው ግን ከ10 ቢሊዮን ሩፒያ በላይ የኢንቨስትመንት ዕቅድ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ለጥቂት ጓደኛሞች የሚሆን መንገድ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ከመጀመሪያው ጋር የተሳሰረ ነው። በገጠር ኢንዶኔዥያ ገበሬው ከአያቱ በወረሰው ማሳ ላይ ያለው ማስረጃ ብዙ ጊዜ የመሬት ካርታ ሳይሆን የቆየ የግብር ወረቀት ነው፤ በባሊና በሎምቦክ ‹‹ፒፒል›› ይሉታል። ካርታ ለማውጣት ወሰንተኞቹ ሁሉ ድንበሩን አሳይተው መስማማት፣ የመንደሩም ሹም መፈረም አለበት። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 የጀመረው አገር አቀፍ ምዝገባ ብዙ ቤተሰቦችን ባለካርታ አድርጓል። የ2021ዱ ደንብ በበኩሉ እንዲህ ያሉት አሮጌ ማስረጃዎች በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲመዘገቡ ቀነ ገደብ አስቀምጧል። ገንዘብና እግር ያለው ባለሀብት መዝገብ ቤቱን ቀድሞ ሲደርስ፣ መሬቱን የሚያርሰው ሰው ግን ወራሾቹን ለማስማማት ገና ደጅ ይጠናል።

መልስ፦ በኃይሉ፣ የከተማ ፕላን ባለሙያ

የዚያን አካባቢ ታሪክ ባጭሩ ላስረዳ። ደላላው የሚጠቅሰው መወዳደሪያ የሚገኘው በማዕከላዊ ሎምቦክ፣ ፑጁት ወረዳ ውስጥ ባለው የማንዳሊካ ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ነው። ቀጠናው ከ1,000 ሄክታር በላይ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2014 በመንግሥት ደንብ የተቋቋመ ነው፤ ነገሩ ግን የዚያ ዓመት ነገር አይደለም። ቦታው ለቱሪዝም ተብሎ መከለል የጀመረው በፕሬዚዳንት ሱሃርቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው፤ ከ1997ቱ የእስያ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ሥራው ቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ኤማር ከተባለው የዱባይ የሕንፃ ልማት ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈርሞ ያም ሳይፈጸም ቀረ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት፣ በወረቀት የልማት ድርጅት ንብረት በሆነው መሬት ላይ ሰዎች ማረስ፣ ከብት ማሰማራትና ልጅ ማሳደግ አላቋረጡም። ልማቱ በእርግጥ ሲመጣ ከፊሎቹ ‹‹ያለ ፈቃድ የሰፈሩ›› ተባሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ ‹‹መሬታችንን አልሸጥንም፤ ካሳም አልተከፈለንም›› እያሉ ተከራከሩ።

ፕራያ ከተማ አጠገብ የሚገኘው አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ2011 ተከፈተ፤ የእስያ የመሠረተ ልማት ኢንቨስትመንት ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ለማንዳሊካ መሠረተ ልማት 248.4 ሚሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ፤ 4.3 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መወዳደሪያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት መጋቢት የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ባለሙያዎች ያለ በቂ ካሳ ሰዎች እየተፈናቀሉ ነው ሲሉ በይፋ ስጋታቸውን ገልጸዋል። የመወዳደሪያው ግንባታ እየተካሄደ ሳለ በውስጡ ቀርተው የነበሩ ቤተሰቦች እንደነበሩም ማስታወስ ያስፈልጋል።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ መንገዱ ተሻሽሏል፤ ወጣቶች በሆቴልና በግንባታ ሥራ አግኝተዋል። ሳዴን በመሰሉ መንደሮች የሳሳክ ሕዝብ ሴቶች ጥለታቸውን ለጎብኚ ይሸጣሉ፤ የቤታቸውን ወለል ዛሬም በጎሽ እበት ይለቀልቃሉ። ነገር ግን ደቡብ ሎምቦክ ደረቅ አገር ነው፤ ብዙው ማሳ ዝናብ ጠባቂ በመሆኑ ሩዝ በዓመት አንድ ጊዜ ያፈራል፤ በበጋም ውኃ በቦቴ የሚታደልባቸው መንደሮች አሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ እያንዳንዱ ቪላ የራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ መዋኛ ገንዳ ሲሞላ፣ አንድም ማሳ ሳይወሰድበት መንደሩ ሊጎዳ ይችላል። ማስታወቂያዎቹ ስለ ባሕሩ እይታ ሲያወሩ ስለ ጉድጓዱ ጥልቀት ዝም ማለታቸው ያሳዝነኛል።

መልስ፦ እናት ወርቅ

በጅዳ በቤት ሠራተኝነት በኖርኩባቸው ዓመታት አብራኝ ትሠራ የነበረችው ሴት የማዕከላዊ ሎምቦክ ልጅ ነበረች። እንደ እኛዎቹ ልጆች ሁሉ የእርሷም አገር ሴቶች ወደ ዓረብ አገር ይጎርፋሉ። እርሷ የመጣችው የአባቷ የሩዝ ማሳ በወለድ አገድ ተይዞ ስለነበር ማስለቀቂያውን ለማጠራቀም ነው። አንድ ቀን ወንድሟ በስልኳ ፎቶ ላከላት። በማሳው ጥግ፣ የውኃ መውረጃው ቦይ ከሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ አናቱ ቀይ ቀለም የተቀባ የሲሚንቶ ችካል ተተክሎ ነበር። ማሳውን በመያዣ ይዞ የሚያርሰው ሰው ለከተማ ሰው አሳልፎ ሸጦታል። ቤተሰቡን የጠየቀ ማንም አልነበረም። እርሷ ግን ከዚያም በኋላ ደመወዟን መላክ አላቆመችም፤ የት እንደሚውል ስጠይቃት ‹‹ለእናቴ ቤት ኪራይ›› አለችኝ። ወንድሜ ዳዊት፣ የጥያቄዎን ሁለተኛ ክፍል ሳነብ እርሷ ትዝ አለችኝ።

መልስ፦ ዳዊት ከሮተርዳም

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ እህቴን። በሰው ስም የማስመዝገቡን ነገር ትቼዋለሁ። ባልደረባዬ ግን ሌላ ሐሳብ አቅርቧል፤ በዚያ የሚኖር የአጎቱ ልጅ የራሱን ድርሻ በስሙ ይዞ በሕጋዊ መንገድ ቢገዛ፣ እኛ ደግሞ በብድር ብናግዘው ምን ይመስላችኋል? እንዲህ ቢሆን እንኳ ከሻጩ በስተጀርባ ያለውን ቤተሰብ በምን እናውቃለን?

መልስ፦ ምሕረት

የአጎቱ ልጅ ዜጋ ሆኖ በእርግጥ ለራሱ ከገዛ ሕጉ አይከለክለውም፤ ነገር ግን ብድራችሁ የመሬቱን ትርፍ የሚያካፍላችሁና እንዳይሸጥ የሚከለክለው ከሆነ ተመልሰን ወደ አንቀጽ 26 እንገባለን። ብድር ከሆነ ብድር ብቻ ይሁን።

እህታችን ስለጻፉት ልጨምር። በመያዣ የያዘ ሰው የመሸጥ መብት የለውም። ከዚህም በላይ የኢንዶኔዥያ የ1960 ሕግ ቁጥር 56፣ ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ በመያዣ የቆየ የእርሻ መሬት ያለ ማስለቀቂያ ክፍያ ለባለቤቱ እንዲመለስ ያዝዛል። ያ ቤተሰብ ይህን የሚነግረው ሰው አግኝቶ ቢሆን ኖሮ የሚከራከርበት ነበረው።

ስለ ቤተሰቡ ለማወቅ መነሻው የካርታው ቁጥር ነው። የአጎቱ ልጅ ፈቃድ ባለው የመሬት ውል አዋዋይ በኩል በመሬት ጽሕፈት ቤቱ ያስመርምረው። ካርታው በቅርብ ጊዜ የወጣ ከሆነ ከማን ስም እንደተላለፈ፣ ወራሾቹ ሁሉ ፈርመው እንደሆነ ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሕግ ቁጥር 41 የሚጠብቀው የምግብ እርሻ መሬት ውስጥ መግባት አለመግባቱንም የአካባቢው አስተዳደር የቦታ ፕላን ያሳያል። ከዚያ ቦታው ላይ ሄዶ አራሹን ራሱንና ወሰንተኞቹን ያነጋግር፤ ማሳው የማን እንደሆነና አራሹ በምን እንደያዘው፣ በእኩል አራሽነት ይሁን በመያዣ፣ ከወሰንተኞቹ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ክፍያውም በደላላ እጅ ሳይሆን በቀጥታ ለቤተሰቡ ሒሳብ ይግባ፤ ቤተሰቡ የሚቀበለውና እናንተ የምትከፍሉት ዋጋ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ደላላው በዚህ ካልተስማማ ቀብድ አትክፈሉ።