ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ይጨምቀዋል፤ ኢሲጂው ግን ደህና ነው ተባለ

የበኩር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። አባዬ 61 ዓመቱ ነው። ደም ግፊት አለበት፣ ያጨሳልም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቆም ይልና ስልክ የሚያይ ይመስላል። ስንወተውተው አመነ። ደረቱን መሃል ላይ ይጨምቀዋል፣ አንዳንዴ እስከ መንጋጋው ይሄዳል። ትንሽ ሲያርፍ ይለቀዋል። እሱ ግን "ጨጓራዬ ነው" ብሎ ሙጭጭ ብሏል። እንደምንም ወስደነው ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ወረቀት ላይ የሚያሳይ ምርመራ) ተነሳ፣ ደህና ነው ተባለ። አሁንማ ማን ይቻለው! ወረቀቱን እንደ ዲፕሎማ ነው የሚያሳየን። ኢሲጂው ደህና ከሆነ ልብ አይደለም ማለት ነው? ወይስ ዝም ብዬ እየጨቀጨቅኩት ነው?

ነጭ ጋዋን፦
እህቴ፣ ጨቅጭቂያቸው። የልብ ክፍል ነርስ ነኝ። ኢሲጂውን የተነሱት ተጋድመው፣ ምንም ሳያማቸው ነው አይደል? ኢሲጂ የሚያሳየው ልብ በዚያች ሰዓት ያለበትን ሁኔታ ነው። የልብ ደም ስር ጠቦም ቢሆን፣ ሰው ሲያርፍ የሚያልፈው ደም ሊበቃ ይችላል። ደረጃ ሲወጣ ግን ልብ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ በጠበበው በኩል በቂ ደም አያልፍም። መጨመቁ የሚመጣው ያኔ ነው። አንጋይና የሚባለው ይሄ ነው።

ጨጓራም ደረት ያቃጥላል፣ አልክድም። ግን የሱ ከምግብ በኋላ ወይ ሲጋደሙ ነው የሚብሰው። ጨጓራ ደረጃና ሜዳ አይለይም። ስለዚህ እኔን ከወረቀቱ ይልቅ ያሳሰበኝ አንቺ የጻፍሽው ነው።

ልብ ሐኪም ጋ ስትሄዱ "ደረቱን ያመዋል" ብለሽ እንዳታሳጥሪው። ስንት ደረጃ ሲወጡ እንደሚጀምራቸው፣ የት ድረስ እንደሚሄድ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚለቃቸው ንገሪ። ሐኪሙ እንደ ሁኔታው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ)፣ እየተራመዱ የሚነሱት ኢሲጂ ወይም የልብ ደም ስር ሲቲ ስካን ሊያዝ ይችላል። አዲስ የጀመራቸው ስለሆነ አታቆዩት። በትንሽ እንቅስቃሴ መምጣት ከጀመረ በዚያው ቀን ውሰጃቸው።

ቁጭ ብለው ከጀመራቸው ወይም አርፈው በ5 ደቂቃ ካልለቀቃቸው ግን ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም። ላብ ቢያጠምቃቸው፣ ቢያቅለሸልሻቸው፣ ትንፋሽ ቢያጥራቸውም እንደዚያው። አምቡላንስ ጥሪ፤ ራሳቸው መኪና እንዳይነዱ። ከጠራሽ በኋላ፣ አስፕሪን የማይስማማቸው ወይም የመድማት ችግር ያለባቸው ካልሆኑ 300 ሚሊግራም ያኝኩ። ደም ስሩ ተዘግቶ በቆየ ቁጥር የልብ ጡንቻ ይሞታል።

ባለ ስቴንቱ፦
እኔ ስቴንቱ፣ ማለትም የጠበበ ደም ስር ከፍቶ የሚይዘው ትንሽ የሽቦ ቱቦ፣ በእጅ አንጓዬ በኩል ነው የገባልኝ። ነቅቼ ስክሪኑን እያየሁ ነበር። እንደፈራሁት አልነበረም። ያስመረረኝስ ኪኒኑ ነው። ኢናላፕሪል የሚባለውን የግፊት ኪኒን ስጀምር ሌሊት ሌሊት ደረቅ ሳል እንቅልፍ ነሳኝ። ሐኪሟ ሎሳርታን ወደሚባል ሌላ የግፊት ኪኒን ቀየረችልኝና ለቀቀኝ። አባትሽ እንዲህ ዓይነት ነገር ከገጠማቸው በራሳቸው ከማቆም ይናገሩ፣ አማራጭ አለ።

ሲጋራው ላይ ደግሞ ድርቅ በይ። ካቆሙ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲጋራው በልብ ላይ የጨመረባቸው አደጋ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስቴንት የጠበበውን ቦታ ይከፍታል እንጂ ሌላው እንዳይጠብ አይጠብቅም።

መንገደኛ፦
ኪኒን ሱስ ያስይዛል፣ አንዴ ከጀመሩት መውጫ የለውም። ነጭ ሽንኩርት ይብሉ፣ በቃ።

ነጭ ጋዋን፦
ወንድሜ፣ የግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት ሱስ አያስይዝም። ሲያቆሙት ግፊቱ የሚመለሰው ኪኒኑ ይዞት ስለነበር ነው። ሽንኩርቱን ይብሉ፣ ማን ከለከለ? በኪኒኑ ፈንታ ብቻ አይሁን። በየቀኑ የምናየው "ደህና ነኝ" ብሎ መድኃኒቱን የተወ ሰው ነው።

የበኩር ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቀጠሮ ይዘናል። "ስንት ደረጃ ላይ ነው የሚጀምርህ?" ብለው ሳያመነታ "አሥራ አራት" አለኝ። ለካ ሲቆጥር ከርሟል! የቀጠሮው ቀን ጠዋት የግፊት ኪኒኑን ይውሰድ?

ነጭ ጋዋን፦
እንደወትሮው ይውሰዱ። እየተራመዱ የሚነሱት ኢሲጂ ከታዘዘ ግን አንዳንድ ኪኒኖች ቀድመው ሊቆሙ ስለሚችሉ ምርመራው ክፍል ደውለሽ ጠይቂ። የሚወስዱትን ሁሉ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ። ያንን ወረቀትም ጭምር፤ ሐኪሙ ከአዲሱ ጋር ያስተያየዋል።