አሰልጣኙን የት ነው የምንከሰው?

የማራኪዋ፦
ሰላም ጎንደሮች። ታናሽ እህቴ ለኮሌጇ ትሮጣለች። አሰልጣኟ ከልምምድ በኋላ ብቻዋን እያስቀረ ይነካካት ነበር። እምቢ ስትል ከቡድኑ ቀነሳት። ለዲኑ ተናገረች። «የኮሌጁ ስም እንዳይጠፋ እኛው እንፈታዋለን» አሏት። ይኸው ሁለት ወር ሞላው። እሷ ከቤት አትወጣም፤ እሱ ሜዳ ላይ ፊሽካውን ይነፋል። አንጀቴ አረረ። ምን ላድርግ?

አዘዞ፦
እህቴ፣ ዲኑን አትጠብቂ። ወንጀል በግቢ ሽምግልና አያልቅም። ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 625 መምህር ወይም አለቃ በሥልጣኑ ሴትን ሲጠቀምባት ይቀጣል። ግን የሚያስከስሰው በግል አቤቱታ ነው፤ ማለትም ተበዳይዋ ካመለከተች ነው። አቤቱታው ደግሞ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሁለቱን ዲኑ በልቶባችኋል! የላከላት መልእክት ካለ እንዳታጠፋ። ቀኑንና ያየ ሰው ካለ ጻፉት።

ሰብለ፦
አሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲም የስፖርት ሐኪሙን ላሪ ናሳርን «ነካካን» ብለው ሴት ስፖርተኞች ለዓመታት ከሰው ሰሚ አጥተው ነበር። በፈረንጆቹ 2018 ከ150 በላይ ሴቶች ችሎት ፊት ተናገሩ። ከ40 እስከ 175 ዓመት ተፈረደበት። ዩኒቨርሲቲውም 500 ሚሊዮን ዶላር ሊክስ ተስማማ። አይዟት በይልኝ።

የማራኪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የቴሌግራም መልእክቱ አልጠፋም። ነገ ጠዋት ይዣት እሄዳለሁ።