ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ ለሚጠይቁኝ ምን ልበላቸው?

ቸርችል ጎዳና አካባቢ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ከሠራሁ 3 ዓመት ሆነኝ። ማታ ከሥራ መውጫ ላይ ሰው ይበዛል፣ እኔ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ብቻዬን ነኝ።

ትናንት አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ባዶ የአሞክሳሲሊን እሽግ አወጡና «ልጄ፣ ከዚህ አራት ፍሬ ስጪኝ፣ ጉንፋን ነው» አሉኝ። እማማ፣ ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው፣ ይሄ መድኃኒት ደግሞ ቫይረስን አይገድልም አልኳቸው። ከኋላ የቆመ ሰውዬ «ስጪያቸውና እንሂድ! ለካርድ አንቺ ትከፍዪላቸዋለሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። መልስ አጣሁ። እውነቱን ነው፣ ካርድና ምርመራ ለብዙ ሰው ከባድ ነው።

«ያለ ማዘዣ አንሸጥም» የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ፣ የሚያነበው የለም። ረጋ ብዬ ሳስረዳ ሰልፉ ይረዝማል። ባጭሩ «አይቻልም» ስል ደግሞ ስሰደብ እውላለሁ፣ ሰውየውም ሌላ ቦታ ሄዶ ይገዛል። መስጠቱን ግን አልሰጥም፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ከተላመደ ነገ እኚሁ እናት የምር ሲታመሙ ላይሠራላቸው ይችላል።

ባንኮኒ ላይ የምትሠሩ፣ ሰው ሳይከፋው ጤና ጣቢያ እንዲሄድ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ምን ብላችሁ ነው የምታሳምኑት?