የድሮ አካውንቶቼን ላጸዳ ገብቼ መውጫው ጠፋኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እባካችሁ ከዚህ ጣጣ የምትገላግሉኝ ካላችሁ።

ነገሩ የጀመረው ጂሜይሌ ሞልቷል ሲለኝ ነው። 15 ጊጋባይቱን ምን በላው ብዬ ስቆፍር የራሴን ጉድ አገኘሁ። የፓስፖርት ፎቶ፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ የባንክ ደብተር፣ ዲግሪዬ ሳይቀር። ቴሌግራም ላይም ለደላላ የላክሁት ሁሉ ተከምሯል። እሱን ከሁለታችንም በኩል አጠፋሁት። ግን ስልኩ ላይ አስቀምጦት ከሆነስ?

ይሄ እንኳን ይቅር። የያዘኝ ፌስቡኬ ነው። በ2004 ዓ.ም. ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ የከፈትኩት ነው። የይለፍ ቃሉን ረስቻለሁ። ኮዱ የሚላከው ደግሞ ወደ ድሮ ቁጥሬ ነው። ያንን ሲም ከጣልኩት ቆይቷል። በቀደም ብደውልበት የማላውቃቸው እናት አነሱት። "ተሳስተሻል ልጄ" አሉኝ በትህትና። ኮድ ያንብቡልኝ ብላቸው አጭበርባሪ እንዳልመስል ፈራሁ። የተመዘገበው ኢሜይል የያሁ ነበር፤ እሱም አልከፈት አለኝ።

ቴሌግራሙን ወደ አዲሱ ቁጥር ቀይሬ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብርቻለሁ። የባንኩንም ቅርንጫፍ ሄጄ አስቀየርኩ። አሁን የቀረኝ፦ ቁጥሩም ኢሜይሉም በእጁ ሳይኖር፣ በመታወቂያ ብቻ ፌስቡኩን አስመልሶ የዘጋ ሰው አለ? ስንት ቀን ፈጀባችሁ? ደግሞስ ያንን ቁጥር የት የት እንደሰጠሁ በምን ላስታውስ? ኤስኤምኤሶቹ ከድሮው ስልክ ጋር ጠፍተዋል።

"ኮዱን ላኪልኝና ልክፈትልሽ" የምትሉ ግን በውስጥ መስመር አትምጡብኝ።